ዲሬክተሯ ሰው ስትቀጥር

ሦስተኛዋ አስታማሚ የተባረረችው ሐሙስ ጠዋት፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ነው።

«ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጪ አለሽ?» አለቻት ዲሬክተሯ። «ውጪልኝ! የስንብት ደብዳቤሽን ከጸሐፊዋ ትወስጃለሽ።»

ጸሐፊ የተባለችው የዲሬክተሯ ታናሽ እህት ናት። ዕድሜዋን የጨረሰችው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው እንጂ የጽሕፈት መኪና በእጇ ነክታ አታውቅም። ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርትና ቢላ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እሺ ዲሬክተር፣ አሁኑኑ አዘጋጃለሁ» አለች። ሹመቱን ከተቀበለች ሰነባብታለች። እንዲያውም እየወደደችው መጥታለች።

ሹመት ያልደረሳት የዲሬክተሯ ልጅ ብቻ ናት። አስታማሚዋን እስከ ደጅ ሸኝታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ በሩን ዘግታ ተመለሰችና እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ሴትየዋ የመጣችው አንቺን ልትንከባከብ ነው።»

«ማነው የታመመው?»

«አንቺ ነሻ!»

እናቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ ልጅ ድምፅሽን ቀንሺ። ክፍል ውስጥ ትምህርት ላይ ናቸው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ልጅቷ ወደ ጓሮ ወጥታ የልብስ ማስጫውን ገመድ እያየች እስከምትረጋጋ ቆመች። መረጋጋት ደግሞ አይሆንላትም፤ ከልጅነቷም አይሆንላትም ነበር።

እናቷ ረጅም ዘመን የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበረች። ጡረታ ወጣች፣ ከዚያም የመርሳት በሽታው መጣ። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ረሳች፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም፣ ቀጥሎ ደግሞ ጡረታ መውጣቷን ጭምር። ዲሬክተርነቱን ግን ማንም ሊነካባት አልቻለም። ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ሳሎኑ ቢሮ ሆነ፣ በመስኮት የሚታየው አላፊ አግዳሚ ሁሉ ያረፈደ ተማሪ ሆነ።

ልጅቷ ቀያሽ ናት። የቅየሳ መሣሪያዋን ተሸክማ ገደል ለገደል ስትዞር ነው ሰው የምትሆነው። እናቷን ለማስታመም የወሰደችው ፈቃድ አልቆ፣ ሰኞ አዲስ የመንገድ ቅየሳ ይጀመራል። ቡድኑን እንድትመራ የታጨችውም እሷ ናት። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነግሯታል። «ሰኞ ከመጣሽ ቡድኑ ያንቺ ነው። ካልመጣሽ ሌላ ሰው እልካለሁ፤ ምን ላድርግ?» ይህን ሥራ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ሰኞ ቀርታ ሳሎን ውስጥ «ድምፅሽን ቀንሺ» ስትባል መዋሏን ስታስበው ጥርሷን ትነክሳለች። አክስቷ ደግሞ ብቻዋን አትችልም። ጉልበቷ አያስኬዳትም፤ ዲሬክተሯ ጉብኝት ብላ ከቤት ከወጣች ማን ይደርስባታል?

የመጀመሪያዋ አስታማሚ የተባረረችው አርፍደሻል ተብላ ነው። አላረፈደችም። ሁለተኛዋ ማስቲካ ታኝክ ነበር፤ እሷስ እውነትም ታኝክ ነበር።

ማታ ማታ ሌላ ከተማ ያለው ታላቅ ወንድሟ ይደውላል። አክስትና ልጅ እሱ በሌለበት «አማካሪው» ይሉታል።

«አትጩሂባት። ሙዚቃ ክፈቱላት። ውኃ በደንብ ትጠጣ» ይላል።

«በምን አወቅክ?»

«ቪዲዮ አይቼ።»

«ቪዲዮው መጥቶ ያስታምምልኛል?»

«እኔም እኮ ሥራ ወጥሮኝ ነው እህቴ።»

ሥራው ላፕቶፕ ላይ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ የትም ይከፈታል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እስካሁን ግን አፍ አውጥቶ የተናገረው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደሷ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ቀያሿ በተጋበዘች ቁጥር «ተሰብስቦ ማልቀስ ምን ይፈይዳል?» እያለች ስትቀር ኖራለች። በዚያ ቅዳሜ የሄደችው ሌላ የምትሄድበት ስላጣች ነው። በሩን ስትከፍት የሰማችው ግን ሳቅ ነበር።

አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ያወራል። «እኔና ባለቤቴ በየቀኑ አዲስ ነው የምንተዋወቀው። አንዳንድ ቀን ደስ እላታለሁ፣ ታጫውተኛለች። ትናንት ግን ‹ባለትዳር ነኝ፣ ዞር በል!› አለችኝ።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዲህ ኮርቼባት አላውቅም።»

ቀያሿ ሳታስበው ሳቀች። ተራው ሲደርሳት የሦስቱንም አስታማሚዎች መባረር አንድ በአንድ፣ በንዴት፣ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች። ስብሰባውን የምትመራው ፊዚዮቴራፒስት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ስታመጡላት ምን ብላችሁ ነው የምታስተዋውቋት?»

«‹አንቺን ልትንከባከብ የመጣች ናት› እንላታለን። ሌላ ምን እንበላት?»

«እንደዚያ ብለሽ ብታመጪብኝ እኔም አባርራታለሁ» አለ ሾፌሩ።

«እናትሽ እንዴት እንደምታባርር ነገርሽን» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። «ሰው ስትቀጥርስ እንዴት ነበር የምትቀጥረው?»

ቀያሿ «ይሄ ከኔ ችግር ጋር ምን አገናኘው?» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

እናቷ ከበላይ ቢሮ የተመደበ አስተማሪ አምና ተቀብላ አታውቅም ነበር። የፈለገ ማዕረግ ይኑረው፣ የፈለገ ባለሥልጣን ይላከው፣ መጀመሪያ ክፍል አስገብታ የሙከራ ትምህርት ታሰጠዋለች። ራሷ ከኋላ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥና ታያለች። ወዳው ከተነሳች አስተማሪው ተቀጠረ፤ በዚያች ሴት የተመረጠ ሰው ደግሞ ዓለም ቢገለበጥ አይነካም። ሦስቱ አስታማሚዎች ያለሙከራ፣ ከላይ ተመድበው የመጡባት ሰዎች ናቸው። ምን ታድርጋቸው?

«የምታውቁት አስታማሚ አለ?» አለች ቀያሿ፣ ቦርሳዋን አንስታ። «ለነገ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይፈራ ይሁን።»

አማካሪው ከሰዓት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ አንድ ከረጢት ብርቱካንና ብዙ ምክር ይዞ ደረሰ። ሰኞ ማለዳ ተመላሽ ነው። እናቱ በር ላይ አየችውና «ወላጅ ነህ? ወላጆችን የማነጋግረው ሰኞ ነው» ብላ አለፈችው። ብርቱካኑን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። በስልክ ሲሰማው እንዲህ አልነበረም።

እህቱ እቅዷን ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ እኮ በእናታችን መቀለድ ነው።»

«ሌላ ሐሳብ አለህ?»

«ትንሽ ትዕግሥት ብታደርጊ…»

«ወንበር አምጣ።»

እሑድ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ። አዲሷ አስታማሚ ጉንጫም፣ ሳቂታ ሴት ናት። በጓሮ በር አስገቧትና ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አስረዷት።

«ምን ላስተምር ታዲያ?»

«የፈለግሽውን» አለች ቀያሿ። «ብቻ አትንተባተቢ።»

አስታማሚዋ ትንሽ አሰበች። «ዳርና ዳሩ ላስቲክ ያለውን የፍራሽ አንሶላ አስተጣጠፍ ላስተምር። እሱን አጣጥፎ የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

ቀያሿ ሳሎን ገባችና እናቷ ፊት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። «ዲሬክተር፣ አዲስ አስተማሪ መጥታለች። የሙከራ ትምህርቱን እንዲያዩልን ነው።»

እናቷ ቀና አለች። ፊቷ ኮስተር አለ፣ አንገቷ ረዘመ። «ታዲያ እስካሁን ለምን አልተነገረኝም?» አለችና ተነሳች።

ከኋላ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከፊት አክስት፣ ቀያሿና አማካሪው ተደርድረዋል። አስታማሚዋ አንሶላውን ዘርግታ ጀመረች። «ተማሪዎች፣ መጀመሪያ ሁለቱን እጃችንን ማዕዘኖቹ ውስጥ እናስገባለን፣ እንዲህ…»

«ደብተር አላመጣሁም» አለች አክስት።

«ጸሐፊዋ ምን ትሠራለች እዚህ?» አለ ከኋላ የመጣ ድምፅ።

«የማታ ትምህርት ጀምሬ ነው፣ ዲሬክተር።»

«ማለፊያ። ጥሩ አድርገሻል።»

ትምህርቱ ቀጠለ። አስታማሚዋ ጎበዝ ናት፣ ረጋ ብላ ታሳያለች። ቀያሿ ዞር ብላ ማየት አልቻለችም፤ ጀርባዋ ግን ጆሮ ሆኗል። እናቷ ዝም ብላለች። ዝምታው ደግ ይሁን ክፉ አይታወቅም። ከአሁን አሁን «ውጪልኝ!» ትላለች እያለች የሸሚዟን ጫፍ ስትጠመዝዝ፣ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? አማካሪው!

«ይቅርታ፣ ግን እሱን መጀመሪያ ለሁለት ብታጥፊው አይቀልም? እኔ አንድ ቪዲዮ ላይ…»

ቀያሿ እግሩን ረገጠችው። ረፍዷል።

«አንተ!» አለች ዲሬክተሯ። «አዎ፣ አንተ ረጅሙ። አውቃለሁ ባይ! ና ውጣና አስተምር።»

«እኔ?»

«ከአንተ ሌላ ረጅም ይታይሃል?»

አማካሪው ወጣ። አንሶላውን ተቀብሎ ለሁለት አጠፈው፤ ላስቲኩ ተስፈንጥሮ ፊቱን መታው። እንደገና ሞከረ፤ አንዱን ማዕዘን ሲይዝ ሌላው ይፈተለካል። ቢሆንም አፉ አላረፈም። «ተመልከቱ ተማሪዎች፣ ይሄ እንግዲህ ሆን ብዬ የማሳያችሁ ስሕተት ነው!» እያለ፣ ክንዱ እስከ ትከሻው አንሶላ ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ እግሩ ሲዞር አክስት በሳቅ ወንበሯን ያዘች። አስታማሚዋም ሳቀች። ከኋላም ሳቅ ተሰማ፤ ቀያሿ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያልሰማችው፣ ሆድ ድረስ የሚወርድ የእናቷ ሳቅ።

ዲሬክተሯ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። ሁሉም ቆሙ። አስታማሚዋ ፊት ደረሰች።

«አንቺ ሥራ ታውቂያለሽ። የክፍሉ ኃላፊ አድርጌሻለሁ። ነገ ጠዋት ትጀምሪያለሽ።»

«እሺ ዲሬክተር፣ አመሰግናለሁ።»

ቀያሿ የሸሚዟን ጫፍ ለቀቀች። እናቷ ግን አልጨረሰችም። ወደ አማካሪው ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምንም ሙያ የለህም። ግን ተማሪ ይወድሃል፤ ይሄ ደግሞ በትምህርት አይገኝም። በእሷ ስር ረዳት አስተማሪ ትሆናለህ። ሁለታችሁንም ነው የቀጠርኩት፤ አንዳችሁ ከቀራችሁ ሌላኛችሁም አትምጡ።»

«እኔ እኮ ነገ…» ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። እህቱ ጣሪያውን ታያለች።

«ነገ ምን?» አለች ዲሬክተሯ።

እናቱ ቀረብ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ተማሪዎቿን እንደምታደርገው ነው። «እናትህ አሉ?»

«አሉ።»

«ደህና ናቸው?»

አማካሪው አንሶላውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ደህና ናቸው። ትንሽ ቁጡ ናቸው እንጂ።»

«እሰይ! ለአንተ ቁጣ ያስፈልጋል» ብላ ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ወጥ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት ተፋጠጡ።

«አንቺ ነሽ ያደረግሽው።»

«እኔ? እግርህን ረገጥኩህ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ሥራዬስ?»

«ላፕቶፕህ እዚህ አይበራም?»

በመጨረሻ ተባለ። አማካሪው አንድ ብርቱካን አንስቶ አገላበጠ። «ለስንት ቀን?» አለ።

«እኔ የመስኩን ሥራ እስክጨርስ። ከዚያ በተራ።»

«በተራ» አለ፣ ቃሉን እንደ መራራ መድኃኒት እየዋጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የአውቶቡሱን ቲኬት ሰረዘ። አክስት ከጀርባው ሆና ለቀያሿ ጠቀሰቻት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቀያሿ ኮረብታ ላይ ናት። ቡድኑ ከሥሯ ተበትኗል፤ መሣሪያውን በእግሮቹ ላይ አቁማ ሚዛኑን ስታስተካክል ስልኳ ጮኸ።

«አባረረችኝ!» አለ ወንድሟ። ከደጅ ነው የሚደውለው፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። «ሻይ ደፋህ ብላ አባረረችኝ። ኃላፊዋ አንሶላ እያጠፈች ትስቅብኛለች። በቃ፣ አልቆልናል!»

ቀያሿ ወደ ታች አየች። አለቃዋ መኪናው አጠገብ ቆሞ ወደ እሷ ያያል። ከሐሙስ በፊት ብትሆን መሣሪያውን ጥላ ትሮጥ ነበር።

«ደፍተህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው ልክ ናት። አሁን ፀጉርህን አበጥር፣ በሩን አንኳኳ፣ ሥራ ፍለጋ ነው የመጣሁት በል።»

«ትቀልጃለሽ?»

«አንኳኳ!»

በስልኩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ሰማች። ከዚያ ኮቴ፣ ከዚያ የእናቷ ድምፅ።

«ማነው?»

«ሥራ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ዲሬክተር።»

ቀያሿ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ግባ እስቲ» አለች እናቷ። «በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል።»

ቀያሿ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ እጇን ለቡድኑ አወዛወዘች፣ ወደ መሣሪያው ጎንበስ አለች።