ዱዓ ያልተደረገለት ድልድይ

ድልድይ የሚጠላ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ልማት ጠሉ» ተብለን ስለነበር ነው።

ሰፈራችን ድሬ ውስጥ፣ ከሳቢያን አልፎ፣ ከሐዲዱ ማዶ የበቀለ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ የተበተኑ ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ዛሬ መስጊድ አለው፣ ብሎኬት ማምረቻ አለው፣ የባጃጅ ተራ አለው፣ በየዓመቱም አዲስ መንደር ይጨምራል። ገበያውና ጤና ጣቢያው ግን ከሐዲዱ ወዲያ፣ ከተማው በኩል ቀርተዋል። ስለዚህ ሐዲዱን ሳይሻገር የሚውል ሰው የለንም። መሻገሪያው ከሐዲዱ እኩል የተነጠፈ ኮንክሪት ነበር። ባቡር ሲመጣ ዘበኛው የብረት አግዳሚውን ያወርዳል፣ ባጃጆቹ ደግሞ በጎን ይሾልካሉ። አንዱን ባጃጅ ባቡሩ እንደ ቆርቆሮ ጨፍልቆታል፤ ሾፌሩ ዘሎ የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ድልድይ ይሠራልን ብለን የጮኽነው እኛው ነን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለችው መሻገሪያው አፍ ላይ ባለች ኮንቴይነር ውስጥ ነው። እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ ሰው ያወራልኛል፤ እኔ እሰማለሁ።

ድልድዩን የሚያሠራው ጽሕፈት ቤት ሰዎች የመጡት በቀትር ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት። ያም ሆኖ ሰው ወጣ። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ለእንግዶቹ ወንበር ተሰጠ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቀረበላቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀሉ። የመኪናው ድልድይ ወደ ፋብሪካዎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከእኛ ርቆ ይሠራል። የእኛ መሻገሪያ በብረት አጥር ይዘጋል፤ በላዩ የእግረኛ ድልድይ ይቆማል። ሥዕሉ ላይ ደረጃውን የሚወጡት ሁሉ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ ቦርሳ ያነገቱ ወጣቶች ነበሩ። አንድም ሰው አላረጀም። አንድም ሰው ከባድ ነገር አልተሸከመም።

ናስቲሆ እጇን አወጣች። ናስቲሆ እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሄዱም። በእጇ የምትዘውረው ባለሦስት ጎማ ወንበር አላት። ከኋላው ሣጥን አስበይዳበት ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስና ሻሽ ትጭንበታለች። ጠዋት ሐዲዱን ተሻግራ ገበያ ትዘረጋለች፣ ማታ ትመለሳለች። እናቷንም ራሷንም የምታኖረው በዚያ ነው። በአፍ ደግሞ የሚችላት የለም።

«ወሪያ ኢንጂነር፣» አለች፣ «ሥዕልህ ያምራል። እኔን የት ነው ያስቀመጥከኝ?»

ሰው ሳቀ። ወጣቱ መሐንዲስ ወረቀቱን አገላበጠና «ደረጃ የሌለው የጎማ መወጣጫ በቀጣይ ምዕራፍ ይታያል» አለ።

«ጀናዛ ይዘን ለቀብር ስንሻገርስ?» አለ ሌላው።

«እሱም ይታያል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥያቄው አለቀ፤ መልስ ግን አልነበረም። ከዚያ አዴር አብዲራሺድ ተነሱ። አዴር ማለት አጎት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ስለሆኑ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንላቸው። ስጽፍ አንቱ እላለሁ እንጂ ፊት ለፊት እንደ ድሬ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው የምላቸው።

በእኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ሳይደረግ አይነሳም። ተስማምቶም ቢሆን፣ ተጣልቶም ቢሆን፣ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ሰው አሚን ካላለ ስብሰባው አላለቀም። ቀድሞ ብድግ ያለ ሰው ነውሩ ለልጆቹ ይተርፋል። አዴርም እጃቸውን ዘረጉ። «በሰላም እንደመጣችሁ በሰላም ግቡ። ለሰፈራችን ኸይር የሆነውን አላህ ያምጣው፣ ኸይር ያልሆነውን ያርቅልን» አሉ። አሚን አልን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መልካም ነገር ይምጣ ሲባል አሚን እንዳልል ማን ይከለክለኛል? ሳላሕም አሚን አለ። ሳላሕ የጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ነው፤ አባቱ ግን ከመስጊዱ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ይህን ዱዓ እየሰማ ያደገ የእኛው ልጅ ነው። እጃችን እንደተዘረጋ አንደኛው እንግዳ ፎቶ አነሳን።

ድልድዩ ቆመ። ደረጃው እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ይወጣል። ጥላ የለውም። በቀትር የእጀታውን ብረት የነካ ሰው እጁን እያራገፈ ነው የሚወርደው። ነፍሰ ጡሮች መሐል ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ብዬ አያለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት አጥሩ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ወደ ሐዲዱ የሚገቡበት የብረት በር አለው፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው።

ናስቲሆ እንደ ልማዷ መጣች፤ ሣጥኗ ሙሉ ነው። አጥሩ ጋ ስትደርስ ጎማዋን አቆመች። ዘበኛውን በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም ለመነችው።

«እህቴ፣ ከሥራ ያባርሩኛል» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

የጀበና አፍ የሚያክል ቀዳዳ እንኳ አልተዉላትም። ባጃጆቹ እሷን ቢጭኑ ጎማዋን አይጭኑም። ጎረምሶቹ ተሸክመን እናውጣሽ ቢሏት «ፍራሽ ነኝ እንዴ?» ብላ አባረረቻቸው። በማግስቱ በመኪናው ድልድይ ዞረች። እዚያ እግረኛ አይታሰብም፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥሩንባ እየነፉ ጠርዝ አስያዟት። አንዱ ሲያልፍ ነፋሱ ሣጥኗን ገልብጦ ድሪያዋ ሁሉ አስፋልት ላይ ተበተነ። ግማሹን ጎማ ሄደበት። የተረፈውን ወደ እኔ ይዛ መጣች፤ የተቀደደውን እየጠቀምኩላት ዋልኩ።  ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ።

ገበያ ላይ ካልዘረጋህ ሌላ ሰው ይዘረጋበታል። የናስቲሆ የመደብ ጎረቤት ኑርቶ «ቦታሽ ላይ ዕቃዬን አኑሬ እየተከላከልኩልሽ ነው፤ ቶሎ ነይ፣ ሊወስዱት ነው» ብላ ላከችባት። ይህንን እየሰማን ሳለ አዴር አብዲራሺድ ከመስጊድ ሲመለሱ ኮንቴይነሬ በር ላይ ደረሱ።

«አዴር፣» አለች ናስቲሆ፣ «ያ ዱዓህ ተሰማልህ። ደረጃ ሆኖ ወጣብኝ።»

«ምን ትላለች ይቺ?»

«እኔ አይደለሁም የምለው። ሳላሕ ነው። ሕዝቡ በዱዓ አጽድቆታል ብሎ በሬዲዮ ሲናገር አልሰማህም?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «ሣህሉ፣ መኪናህን ዝጋ» አሉኝ። «እንሄዳለን።»

ሄድን። ጽሕፈት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ናስቲሆ ታች ቀረች። ሳላሕ ተነስቶ ተቀበለን፣ ወንበር ሳበልን። ከጠረጴዛው በላይ ያ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል፤ አዴር እጃቸውን ዘርግተው፣ እኛ እጃችንን ዘርግተን፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ። ከሥሩ «ነዋሪው ለፕሮጀክቱ ያለውን ድጋፍ ሲገልጽ» ይላል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝዎ?» አለ ሳላሕ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩብህ?»

ሳላሕ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አዴር፣ ይህ እኮ ቢሮ ነው።»

«እሺ ቢሮ። ናስቲሆ ታች አለች። በምን ትለፍ?»

«ጉዳዩ ለሕዝብ ቀርቦ፣ ሕዝቡ ተወያይቶበት፣ በመጨረሻም በእርስዎ ዱዓ...»

«ዱዓ ያደረግኩት በሰላም ቤታችሁ እንድትገቡ ነው!» በትራቸው መሬቱን መታ። «እንግዳን መርቀን ሸኘን። ምርቃቱን ወስዳችሁ መልሳችሁ በራሳችን ላይ ቆለፋችሁት። ያ መሐንዲስ የሰው አገር ልጅ ነው፣ አያውቅም እንበል። አንተስ? አብረኸኝ አሚን ያልክ አንተስ?»

 ሳላሕ «መወጣጫው በጀት ይፈልጋል፤ ይታያል» አለ። ቀጥሎም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ «የምርቃቱ በዓል ሐሙስ ነው፤ መዝጊያው ላይ እርስዎ ዱዓ እንዲያደርጉልን አስበናል» አለን።

በዚህች ሰዓት ነው የእኔ ትዕግሥት ያለቀው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት አዴር ክንዴን ያዙኝ። «እመጣለሁ» አሉት።  ታች ስንደርስ ናስቲሆ «እሺ አለ?» ብላ ጠየቀች። 

ሐሙስ ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ አረፈደ። እንግዶቹ መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የናስቲሆ ስም አልተጠራም። እሷ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ጎማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ሣጥኗ ሙሉ ነው። «ሪባኑን ደረጃው ላይ ባይቆርጡት ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር» አለችኝ።

በመጨረሻ ሳላሕ ማይክራፎኑን ይዞ «አሁን የተከበሩ አባታችን በዱዓ ይዘጉልናል» አለ።

አዴር ተነሱ። እንግዶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ።

«ዱዓ የሚደረገው ነገር ሲያልቅ ነው» አሉ አዴር። «ይህ ነገር አላለቀም። ስለዚህ አልዘጋም።»

ማይክራፎኑን ለሳላሕ መልሰው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። የተዘረጉ እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ቀስ በቀስ ግን ሰፈርተኛው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ሊሄድ ነጠላ ጫማውን ያጠለቀው መልሶ አወለቀው። ሴቶቹ ሕፃናቱን ከጀርባቸው አወረዱ። ከሩቅ የመጣው ዋና እንግዳ ወደ ሳላሕ ጎንበስ ብሎ «ለምንድን ነው የማይነሱት?» አለው። ምሳ በሆቴል ተዘጋጅቷል። ትንሽ ጠበቀና ተነሳ፣ በተቀመጠ ሕዝብ መሐል ብቻውን እየተሹለከለከ ወጣ፣ መኪናው አቧራ አስነስታ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሉት። ሳላሕ ግማሽ ያህል ብድግ አለ።

«ሳላሕ፣ ስብሰባው አላለቀም» አሉ አዴር።

አባቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩት። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሙቀቱ ከበደ። አዛን ሲሰማ ሳላሕ ፊቱ በራ፤ ሰው ለሶላት ይበተናል ብሎ ነው። ሰው ግን ውኃ አስመጥቶ ውዱእ አደረገና እዚያው ድንኳኑ ሥር ተሰልፎ ሰገደ። እኔ ከአንዱ ምሰሶ ሥር በልቤ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ሲጨርሱ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ የወንበሮቹ አከራይ መጣ።

«አቦ፣ ልቀቁኝ እንጂ! ሰርግ አለብኝ!»

«ውሰድ፣ ወንበር አልከለከልንህም» አለች ናስቲሆ። «እኔ የራሴ አለኝ።»

ሰው እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳላሕም በሱፍ ልብሱ መሬት ተቀመጠ። ላቡ ከረባቱን አርሶታል።

«ይህ እኮ አመጽ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የምን አመጽ?» አለች ናስቲሆ። «ድንጋይ ወረወርን? ቁጭ ብለን ዱዓ እየጠበቅን ነው። አንተ ነህ የጠራኸን።»

አጠገቡ ስለነበርኩ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሳላሕ፣» አልኩት፣ «ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ፎቶ አስነስተህ ምስክር አደረግከኝ። ቢያንስ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

አላየኝም።  ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተጠግቶ ቁጢጥ አለ።

«አዴር፣ ምን ላድርግልህ? ንገረኝ።»

«ቢሮ ውስጥ የነገርኩህን ረሳኸው? ናስቲሆ በምን ትለፍ?»

ሳላሕ ተነሳ። ስልክ ደወለ፣ ዘጋ፣ ሌላ ደወለ፣ ሲነታረክ ሰማነው። «አይደለም ጌታዬ፣ ዱላ አልያዙም... ተቀምጠዋል ነው የምልዎት... አዎ፣ እኔም ተቀምጫለሁ!» ሲጨርስ ወደ አጥሩ ሄዶ ዘበኛውን «በሩን ክፈት» አለው።

«በማን ትእዛዝ?»

«በእኔ። ባቡር በሌለበት ሰዓት ለእሷም፣ ለሽማግሌም፣ ጀናዛ ለያዘም ትከፍታለህ።»

ዘበኛው ቁልፉን ሲያወጣ እጁ ይፈጥን ነበር፤ እሱም ሲቆጨው ኖሯል። ሐዲዱን ግራና ቀኝ አየና ለናስቲሆ በእጁ ምልክት ሰጣት። ጎማዋን እየዘወረች መጣች። ሳላሕ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አመሰግናለሁ የምትል መስሎት ነበር።

«ነገስ? ወይስ ይሄም ለፎቶ ነው?»

«ነገም» አለ።

ተሻገረች። ወደ ኋላ ሳትዞር ወደ ገበያው ቁልቁል ወረደች። ቀኑ መሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ገዢ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ቦታዋ ላይ ግን ኑርቶ ነበረች።

ሳላሕ ሱሪውን አራግፎ ወደ አዴር ተመለሰ። «አሁንስ? አሁን ዱዓ አድርግልን።»

«ቁልፉ የዘበኛው ነው፣ ዘበኛው ያንተ ነው፣ አንተ የአለቃህ ነህ። አለቃህ ነገ ቢቀየርስ? መወጣጫው የታለ?»

አዴር በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ሽርጣቸውን አጠበቁ፣ ዱዓ ሳያደርጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኛም አንድ በአንድ ተነሳን። አሚን ያላለ አፍ ይዞ ወደ ቤት መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ የዚያን ቀን አወቅኩ። አዴር ለበቀል ያደረጉት አይመስለኝም። ቃላቸው ሁለተኛ እንዳይሰረቅ ነው።

በሩ እስከ ዛሬ ይከፈታል። ለመወጣጫው ጠጠር መጥቶ ተራግፏል፤ ፍየሎች ይወጡበታል። ጽሕፈት ቤቱ ድልድዩ በይፋ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል ይላል። እኛ ተመርቋል አንልም። ሳላሕ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲያልፍ አዴር ከኮንቴይነሬ በር ላይ በትራቸውን ያነሳሉ።

«ወሪያ ሳላሕ! ስብሰባ ላይ ነን እኮ!»

ሳላሕ መስታወቱን ዝቅ ያደርጋል። «አውቃለሁ አዴር፣» ይላል፣ «እኔም አልተነሳሁም።»