የአይስቴ ምላጭ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጠመንጃ ጠጋኙ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጠጋኙ ራሱ፣ ሚስቱ፣ እና ዒላማ ስለማይስት «አይስቴ» የሚባለው የሚስቱ ታላቅ ወንድም። የአደን ወቅት የሚከፈተው ቅዳሜ ነበር።

ጠጋኙ ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ጠመንጃ ፈቶ ገጥሟል። ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል፤ ዐይኑን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። የአማቹን ጠመንጃ በጨርቅ ጠቅልሎ በጠረጴዛው የብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው ላይ አሰረና በረጅሙ ተነፈሰ።

«አላላልኝ» አለ አይስቴ። «ምላጩ ጠጥሯል። ስስበው አፈሙዙ ይዞርብኛል። አምና ሦስት ከርከሮ ያመለጠኝ በእሱ ነው።»

«ሃያ ዓመት አብሮህ የኖረ ምላጭ፣ ዛሬ ምን ብትበድለው ነው የጠጠረብህ?»

«አንተ ጠግን፤ ዳኝነቱን ተወው።»

ሚስትየዋ የወንድሟን እጅ አየች። የጠቋሚ ጣቱ አንጓ እንደ ዝንጅብል አባብጧል። አይስቴ አስተያየቷ ገባውና እጁን ኪሱ ከተተ።

ጠጋኙ መንጠቆ ያለውን ሚዛን ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ ሳበ። ኪሎ ተኩል። የምላጩን ጥብቀት የምትቆጣጠረውን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር አላላትና ጠመንጃውን ከሞርሳው ፈታው።

«እንካ፣ ሞክር።»

አይስቴ ባዶውን ጠመንጃ አነጣጥሮ ሳበ። አፈሙዙ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።

«ጨምረህ አላላው።»

ሩብ ዙር። አሁንም ሩብ። ሚዛኑ ሰባት መቶ ግራም ላይ ሲደርስ ምላጩ ቀጭ አለ፤ አፈሙዙም ንቅንቅ አላለም። የአይስቴ ፊት በራ።

«ይኸው! እጄ አይደለም አላልኩም?»

ጠጋኙ ግን አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ጠመንጃ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ ባዶውን አቀባብሎ፣ ሰደፉን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ጎማ ላይ አምስት ጊዜ ይጥለዋል። ምላጩ ሳይነካ ቀጭ ካለ ጠመንጃው አይወጣም። ሌላ ሰው ቢጥለው ባለቤቱ አያምንም።

አይስቴ እየሳቀ ጣለ፤ እህቱ ቆጠረች። ምላጩ አራት ጊዜ ያዘ። በአምስተኛው፣ ጣት ሳይደርስበት፣ ቀጭ።

«አራቱን ይዟል እኮ» አለ አይስቴ።

«አምስተኛው ከፊትህ የሚሄደው ሰው ጀርባ ላይ ነው» አለ ጠጋኙ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል።

«አማቼ፣ በእህቴ ሞት! የዘንድሮን ብቻ። ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ ቤት የቀረሁ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ?»

ለጠጋኙ «እሺ» ማለት ቀላል ነበር። እሺ ቢል አሁኑኑ ገብቶ ጋደም ይላል። ቅዳሜ ግን ተኩስ በሰማ ቁጥር ሲባንን ሊውል ነው። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ጋሼ» አለች፣ «በእኔ ሞት አትማል። ሰው መትተህ ብትታሰር እስር ቤት ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ ያመኛል።»

አይስቴ ሳይወድ ፈገግ አለ። ጠጋኙም ብሎኗን መልሶ አጠበቃት። አይስቴ እንደገና አምስት ጊዜ ጣለው፤ አምስቱንም ያዘ። ከዚያ አነጣጥሮ ሳበ። አፈሙዙ ዞረ። ደገመ፤ ዞረ። በሦስተኛው በሁለት ጣቱ ሞከረና ጥርሱን ነከሰ። ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«እጄ ነው» አለ። ቆይቶም፣ «የከርከሮ ዕድሜ ይርዘም» አለ።

እህቱ ወንበር ሳበችለት፤ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ማለዳ አይስቴ ከአዳኞቹ ጋር ዱላ ይዞ ወጣ፤ ከርከሮ ከቁጥቋጦ እያስነሳ ለሌሎቹ ሲነዳ ዋለ።