ውሃ የጠገበ ማሳ

መኪና እንዳያልፍ ጀልባውን ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ የገለበጡት ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነበር። ዓሣ አጥማጁም፣ ሽንኩርት ተካዩም፣ ልጅ ያዘለችውም፣ ምርኩዝ የያዘውም። አንድ ድርጅት የወንዙን አፍ አሸዋ ሊዝቅ መምጣቱን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። አሸዋው ከተነሳ ዓሣ የሚራባበት ጠለል ያለ ውሃ ይጠፋል፤ ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላም ማሳውን የሚከልለው የለም። ይህን ትልቁም ትንሹም ያውቀዋል።

የጀልባው ባለቤት የእታለም ታናሽ ወንድም ነበር። እታለም ትክክለኛ ስሟ አይደለም፤ ወንድሟ በልጅነቱ ሲጠራት ሰፈሩ ሰምቶ ወረሰው። ዛሬ የሚበልጧት አሮጊቶች፣ ባሏም ሳይቀር፣ እታለም ይሏታል።

በመጀመሪያው ሰሞን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ያልተረተ አልነበረም። ድሩም እንደሚደክመው ግን ማንም አላሰበም። ቀን ሴቶች፣ ማታ ወንዶች በተራ ሊጠብቁ ተስማሙ። በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይፈላል፣ ይቀለዳል፣ ይዘፈናል። ከዚያ አንዱ ልጁ ታመመበትና ቀረ። አንዷ ማሳዋን አረም ዋጠባት። ሌላው ምክንያትም አላቀረበ፤ ዝም ብሎ ጠፋ። የቀሩት ክፉ ሰዎች ሆነው አልነበረም። ሌት ተቀምጦ ቀን የሚያርስ ሰው እስከ መቼ ይችላል?

ወንድሟ ጀልባውን መንገድ ላይ ካጋደመ ወዲህ በሰው ጀልባ ቀዛፊ ሆኖ ነበር ቀን ቀን የሚሠራው። እታለም ደግሞ ቀን ጀልባው ሥር ትቀመጥና ተራዋ ሲያበቃ ወደ ሽንኩርቷ ትሮጣለች። አንድ ቀን እየኮተኮተች ቁጢጥ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ግማሽ ፊቷ አፈር ለብሷል፣ አንድ ጉንዳን ጆሮዋ ሥር መንገድ ጀምሯል። ጉንዳኑን ለማራገፍ እጇን ማንሳት ራሱ ሥራ ሆነባት።

የእታለምና የባሏ ማሳ ከመንገዱ ጋር ይዋሰናል፤ ልክ ጀልባው በተጋደመበት በኩል። በማሳው ያቋረጠ ሰው ጀልባውን አልፎ መልሶ መንገዱን ያገኘዋል። ይህን የድርጅቱ ካቦ አስተዋለ። ካቦው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ስልኩ ከጆሮው አይለይም። አንድ ሁለቴ ወደ ቤታቸው ብቅ ሲል እታለም ጀልባው ሥር ነበረች። ያገኘው ባሏን ነው።

የባሏ ጀርባ ከታመመ ቆይቷል። ሲቆም ያመዋል፣ ሲጎነበስ ይብስበታል፣ ሲተኛ ደግሞ አይጣል ነው። ቤት ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፎ ይውላል።

"መኪናው በእኛ ማሳ በኩል ይለፍ ብያለሁ" አላት አንድ ምሽት።

ድንች እየላጠች ነበር። "ምን አልክ?"

"ሰምተሻል።"

"ማንን አስፈቅደህ?"

"ጀርባዬን።" ዓይኗን ሳያይ ቀጠለ። "የድርጅቱ በር ላይ ያስቀምጡኛል። መክፈትና መዝጋት ነው። ወንበር አለው እታለም። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።"

ልትጮህ ፈለገች። ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ ፈልጋ አጣች።

"ሽንኩርቱስ? ሊደርስ እኮ ነው።"

"አይጠብቁም። ከነገ ወዲያ ጠዋት ይመጣሉ።"

"ወንድሜን ምን ልበለው?"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

"ዓይኑን እያየህ?"

ድንቹን ልጣ ጨረሰች፣ ቀቀለች፣ በሉ። እንደ ተጣላ ሰው እንኳ ጀርባ ሳይሰጣጡ ተኙ፤ ለመኳረፍም ጉልበት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ወንድሟን ጀልባው ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘችው። ስትነግረው አልተቆጣም። ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

"በቃ እንተወው ይሆን?" አላት። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ትናንት ሌሊት ተኝቼ ነው የጠበቅሁት።"

"ሁላችንም ተኝተን ነው የምንጠብቀው።"

"ባልሽንም አልፈርድበትም። ወንበር ቢሰጡኝ እኔም…"

"ዝም በል አንተ።"

እሷ ማሳዋን ታይ ነበር። አፈሩ ዋልካ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲርስ የያዘውን አይለቅም። ሽንኩርቱ ኳሱን ሞልቶ ቅጠሉ ዘንበል ማለት ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ውሃ የሚያሳየው ሰው የለም፤ ይበሰብሳል። እያንዳንዷን ችግኝ ቁጢጥ ብላ የተከለችው ራሷ ናት፣ ባሏ መጎንበስ አይችልምና።

"የዛሬ ውሃ ተራ የማን ነው?" አለች።

ወንድሟ ተነስቶ ቁጭ አለ። አየት አደረጋት፣ ማሳውን አየ፣ መልሶ አያት። "የመበለቷ። ማታ ደግሞ የነገረኛው" አለ ቀስ ብሎ።

መበለቷ ከቦዩ በላይ ባቄላ የዘራች ሴት ናት። እታለም ደርሳ የውሃ ተራዋን ስትጠይቃት ቦይ እየጠረገች ነበር።

"ባቄላዬ ሊደርቅብኝ ነው እኮ የኔ እናት።"

"አውቃለሁ።"

"እስከ መቼ ድረስ ነው የምትፈልጊው?"

"እስከ ነገ።"

መበለቷ ዶማዋን ተደገፈች። "ውሰጂው" አለች። "እምቢ ብዬ ልከራከርሽ አቅሙ የለኝም።"

ነገረኛው ግን በውሃ ተራ ከሰው ያልተጣላበት ወር የለም። የሰፈሩ ሰው በእሱ ማሳ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። እታለምን ገና ከሩቅ ሲያያት፣ "ውሃዬን ልትሰርቂ ነው የመጣሽው?" አላት።

"ልለምንህ ነው።"

"ለምን?"

ነገረችው። አገጩን እያሻሸ አዳመጣት። ከዚያ ወደ ጎተራው ጥግ ሄዶ ዶማ ይዞ ተመለሰ።

"ይሄንንም ውሰጂ። ያንቺ ዱልዱም ነው፣ አይቼዋለሁ።"

ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቦዩን ከፈተችው። ወንድሟ ታች በኩል የማሳውን መፋሰሻ በሣርና በጭቃ ደፈነ። ውሃው በመጀመሪያው መደብ ገባ፣ ሁለተኛውን ያዘ፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ አመነታና እሱንም ሞላው። የደረቀው መሬት እንደ ጠማው ከብት ድምፅ እያሰማ ይጠጣል። እታለም ከመደብ መደብ እየሄደች በዶማዋ መንገድ ትከፍትለታለች። አላለቀሰችም። እግሯ ሲቀዘቅዝ ደስ ያላት መሰለ፤ ከዚያ ደስ በማለቷ አፈረች።

ባሏ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ብቅ አለ። ውሃውን አየ። የተደፈነውን መፋሰሻ አየ። ተመልሶ ገባ። ማታ ዳቦ በሻይ ሲበሉ ከአፉ የወጣው ቃል፣ "በሩን ዝጊው፣ ትንኝ ይገባል" የሚል ብቻ ነበር።

ሲነጋ ውሃው ሰርጓል። ከላይ ለሚያየው ማሳው ጤዛ የነካው፣ ጠቆር ያለ መሬት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ባሏ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሟል። እታለምና ወንድሟ ከጀልባው ጋር ናቸው። ከሰፈሩ የመጣው ሰው እፍኝ አይሞላም።

ካቦው ፊት ፊት በፒክአፕ መጣ፤ ከኋላው አሸዋ የሚዝቅ ኤክስካቫተር የጫነ ረጅም መኪና እያቃሰተ ይከተለዋል። ካቦው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መሬቱ ችግር የለውም አይደል?"

እታለም ባሏን አየችው። አሁን ይናገራል፣ አለች በልቧ። ወንበሩን እያሰበ ይናገራል።

ባሏ መሬቱን አላየም። እሷንም አላየም። "ሽንኩርት ነው፤ ምን ችግር አለው?" አለና እጁን ዘረጋ። "ግቡ፣ ግቡ።"

ረጅሙ መኪና ገባ። መሐል ማሳው እስኪደርስ ሽንኩርቱን እየጨፈለቀ ደህና ሄደ። ከዚያ የኋላ ጎማው ሰጠመ። ሾፌሩ ነዳጅ ሰጠው፤ ጎማው ጥቁር ጭቃ እየረጨ ጉድጓዱን ለራሱ ቆፈረ። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ሆድ መሬት ነካ። ሾፌሩ ወርዶ ሁለት ጊዜ ተራመደና አንድ ጫማው ቀረበት።

"እናት፣ ማን ነው ይህን እንዲህ ያጠጣው?" አለ በአንድ እግሩ ቆሞ።

"እኔ ነኝ።"

"ሽንኩርት ይህን ያህል ይጠጣል?"

"ሲጠማው።"

ሾፌሩ መኪናውን አየ፣ ጫማው የቀረበትን ጉድጓድ አየ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷም ከማንቆርቆሪያው ሻይ ቀዳችለት። እሱ ምን አደረገ? እሱም የሰው ተቀጣሪ ነው።

ካቦው ግን ከፒክአፑ ዘሎ ወርዶ ወደ ባሏ ሮጠ። "አውቀህ ነው! አውቀህ ነው ያስገባኸን!" አንቱታው እዚያው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

"ልጄ፣ እኔ ጀርባዬን ታምሜ ቤት ተኝቼ ነው የዋልኩት" አለና ባሏ ቦዩ ዳር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለመቀመጥ ወንበር አላስፈለገውም።

ሊጎትት የመጣው ሁለተኛ መኪናም ጠርዙ ላይ ተያዘ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ያለ ጊዜው ጀመረ። ፖሊሶች መጥተው መንገድ ዘግተሃል ብለው ወንድሟን ይዘውት ሄዱ። ሰፈሩ፣ ቀርቶ የነበረውም ጭምር፣ ጣቢያው በር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ መቀመጥ የለመደ ሰው ነው። መበለቷ የተረፈ ባቄላዋን ቀቅላ አመጣች፤ ነገረኛው በጥላ ቦታ ሳቢያ ከዘበኛው ጋር ተጣላ። ወንድሟ ሲፈታ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፤ "ቢያንስ ተኝቻለሁ" አለ።

ከዚያ አንድ ሹም ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። የሰጠመውን መኪና ዞረው፣ የወንዙን አፍ አየው፣ ሰውን ሰበሰበ። ጥናት እስኪደረግ ሥራው ይቆማል አለ። መሬቱ ሲደርቅ ድርጅቱ ዕቃውን ጎትቶ አወጣና ሄደ። እልል ልትል አፏን የከፈተች አንዲት ሴት ነበረች፤ ማዛጋት ሆነባት። ሰዉ ተሳስቆ ወደየቤቱ ተበተነ።

ሽንኩርቱ በሰበሰ፤ ሽታው ለብዙ ጊዜ ሰፈሩን አልለቀቀም። ጀልባው ፀሐይ መትቶት ተሰነጣጥቆ ነበርና ወንድሟ ስንጥቁን ሲደፍን ከረመ። እታለም ሌላ ዘር ለመዝራት ማሳው ውስጥ ብትገባም ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ መሙላት ብቻውን ወገብ ቆረጠ።

ባሏን ስለዚያ ጠዋት አንድ ቀን ብቻ ነው የጠየቀችው። "ለምን አልነገርካቸውም?"

ጆንያው ላይ ጀርባውን አመቻቸ። "እንጃ" አላት። "ስታጠጪ አየሁሽ። እኔ ጀርባዬን አልኩ፤ አንቺ ግን አንድም ቀን ወገቤን ብለሽ አታውቂም።"

አንድ ቀትር ላይ፣ እታለም ገና ጎኗን ልታሳርፍ ስትል፣ ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች ደጃፏ ላይ ቆሙ። ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል። ከሐይቁ ማዶ ነው የመጡት። ድርጅቱ እነሱ ጋ ሄዷል።

"እናንተ እንዴት እንዳደረጋችሁ ልንጠይቅ ነው" አለች ታላቅየዋ። "የእኛ ሰው ጨንቆታል። መጥተው ቢነግሩልን ብለን ነው።"

እታለም ውሃ ሰጠቻቸው። ልትናገር ፈለገች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። አልጋዋን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየች።

ባሏ ጆንያውን ተደግፎ ተነሳ። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ከእነሱ ጋር። ወንድምሽ በጀልባ ያሻግረናል፤ ስንጥቁን ደፍኖ ጨርሷል።"

"ጀርባህስ?"

"ጀርባዬ እዚህም ያመኛል።" ሴቶቹን በሩ ላይ አስቀደማቸው። "አንቺ ተኚ።"

ልትከለክለው አስባ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች፤ ሦስቱ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ባሏ ስለ ዋልካ አፈር ለሴቶቹ ሲያስረዳ ድምፁ ይሰማታል። የእነሱ መሬት አሸዋማ ነው ሲሉት ሰማች። "እንግዲያማ ሌላ መላ እንፈልጋለን" አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም።