እሾህ የተባለው ሰውዬ

ታላቅ ወንድሜ የውሃ ፓምፕ ነጋዴ ነው፤ እኔ መጋዘኑን እይዝለታለሁ። እሱ እንዲማር ብዬ ነው እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት። እሱ ረስቶታል፤ ገበታ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» ይለኛል። እኔ ግን አልረሳሁም።

ስለዚህ ደንበኞቹ እንዲወያዩበት ከንግዱ ድረ ገጽ ጎን በተከፈተው መድረክ ላይ «እሾህ» በሚል ስም መጻፍ ጀመርኩ። ቤት ስነግረው ያልሰማውን እዚያ ነገርኩት፤ ርካሽ ጎማ ስለሚገጥም ፓምፑ እንደሚያንጠባጥብ ጻፍኩ። ነገርም ጣል አደርጋለሁ፦ «ባለቤቱ ሆዱን እንጂ ዕቃውን አያይም።»

ወንድሜ ጎማውን ቀየረ! ስብሰባ ላይ ሳይቀር «እሾህ እንዳለው…» ይላል። እኔ ጥግ ተቀምጬ አንጀቴ ያርራል፤ ደግሞም ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ድረ ገጹን የምትሠራልን የእህታችን ልጅ መጋዘን መጣች።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ድረ ገጹና መድረኩ መግቢያቸው አንድ ነው። እዚህ ከገባህ እዚያ ሌላ ፓስወርድ አትጠየቅም።»

«ስሙስ?»

«መድረኩ ስሙን ከድረ ገጹ ይወስዳል። የሚያገናኛቸው በኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ አንድ ከሆነ ሰውየውም አንድ ነው።»

እኔ ያለኝ አንድ ኢሜይል ነው። እሾህንም በሱ፣ በእውነተኛ ስሜ ድረ ገጹ ላይ ዕቃ የማስመዘግብበትንም በሱ ነው የከፈትኩት።

ቁጭ ብድግ አልኩ። ካርቶን ደረደርኩ፤ መልሼ አፈረስኩት። አላስቀምጥ ሲለኝ ቢሮዋ ሄድኩ።

«የአንድ ሰው ኢሜይል… መቀየር ይቻላል?»

«የማን?»

«የሆነ ሰው ነዋ።»

ሳቋ አመለጣት። «የእሾህ ነው አይደል? ጋሼ፣ እኔ እኮ ካወቅሁ ቆየሁ። ልቀይረው ወይስ ልተወው?»

ከተቀየረ እሾህ እንደተከበረ ይኖራል፤ እኔም ምንም እንደማላውቅ እሞታለሁ። ይወቀኝ አልኩ በሆዴ። ቢያባርረኝም ይወቀኝ።

«ተይው።»

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ስልኩን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። እሾህ የጻፈው ሁሉ ላይ የኔ ስም ነው ያለው።

«አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

ስልኩን አየ፤ እኔን አየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቁጣውንም ተመኘሁት።

«ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ የሚያውቅ ሰው መስሎኝ» አለና ስልኩን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ቀጥሎ በገባው ጭነት የመጣው ጎማ ያው የድሮው፣ ርካሹ ነው። ፈርሜ ተረከብኩ። ምን አውቃለሁ እኔ።