ለስፌት የተተወ

"አንቺ" የሚለኝ ሰው ካጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻዋ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ስትሞት ቃሉንም ይዛው ሄደች። አሁን ሰፈሩ በሙሉ "እማማ" ነው የሚለኝ። ፋርማሲ ስገባ "እርስዎ ይቀመጡ"፣ አውቶቡስ ላይ ስወጣ "እማማ ይጠንቀቁ፣ እንዳይወድቁ"። ክብር ነው፣ ይገባኛል፤ የሰው ክብር የምጠላ ባለጌ አይደለሁም። ግን ክብሬን ይዤ ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ የለም።

እህቴ በየቀኑ ትደውል ነበር። ከፋብሪካ ወጥቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የቤቱ ስልክ ይጮኻል።

"ደህና ገባሽ?"

"ባልገባ ይሄን ስልክ ማን ያነሳልሽ ነበር?" እላታለሁ። ትስቃለች፣ ትዘጋለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ይሄን ምላሴን ምን ባደርገው ይሻል ነበር? አንድ ቀን እንኳ "ገባሁ እህቴ፣ አንቺስ?" ብያት ቢሆን ምን ነበረበት!

ሥራዬ ጨርቅ መቁረጥ ነበር። በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ሌላው የሚሰፋውን እኔ በጠመኔ አስምሬ በመቀስ አወጣለሁ። እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ፣ ብቻ ምኑ ቅጡ። ጉልበቴ አልቆምም ሲል ጡረታ ወጣሁ። መቀሴን ሸኚዎቼ አብረው ሰጡኝ፤ ጥቁር እጀታ ያለው፣ እንደ ሕፃን የሚከብድ መቀስ ነው።

ካርታውን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ነው። ልጅቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው አፉን ከፍቶ ዝም እንዲላት ስለለመደች እኔንም እንደዚያ ነው የምትይዘኝ። አሮጌ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ "አክስቴ፣ እዚህ ቁጭ ብለው ከሚተክዙ ዓለምን ይዩበት" አለችኝ። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች።

ዓለምን ልይ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የፈለግሁት የራሴን ቤት ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል መሰለኝ። ዋናው መንገድ አለ፣ ፋርማሲው አለ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ነጭ ወረቀት! እኔ በየቀኑ የምወጣው ደረጃ የለም፤ ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ የለም፤ ሕንፃችንም የለም። ቆሽቴ አረረ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት የለም የሚል ማነው? ታች ላይ "የጎደለ ካዩ ይሙሉ" የሚል ጽሑፍ አየሁ። እሞላዋለሁ እንጂ፣ ምን ከፍቶኝ!

እንዲህ በንዴት ነው የገባሁት። ካርታውን የሚሠሩት በየሙያቸው ውለው ትርፍ ሰዓታቸውን የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ድልድዩን እያሰመሩ ማንም እንዲያየው ይለቁታል። ስም ስጡ ሲለኝ ስሜን ጻፍኩ፤ "ተይዟል" አለኝ። ደግሜ ብሞክርም ተይዟል። ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መቀስ ላይ ዐረፈና "መቀስ" ብዬ ጻፍኩ። እሱን የፈለገው አልነበረም።

ደንባቸው አጭር ነው። አንደኛ፣ በዓይንህ ያላየኸውን፣ ፎቶው ላይም የሌለውን አታስምር። ሁለተኛ፣ የሰው ሥራ ስታርም በደግ ቃል አርም። ሦስተኛ፣ እዚህ አንቱታ የለም፤ ሁላችንም "አንተ" እና "አንቺ" ነን። ሦስተኛውን ሳነብ ልቤ ምን እንዳለ አልደብቅም፤ ደስ አለው።

በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ሁለት ቤት አሰመርኩ። ጣሪያ ማስመር ለእኔ ምንድነው? ከእጅጌ ቅድ አይከብድም። በስምንተኛው ቀን ኮምፓስ የሚባል፣ የአዲስ ሰው ሥራ የሚያይ ልጅ ጻፈልኝ።

"አንተ መቀስ፣ እጅህ ግሩም ነው፣ ማዕዘንህ ልክ ነው። ግን ቤቶችህ ሁሉ ወፍረዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ሊጋጭ ደርሷል። ምን እያበላሃቸው ነው?"

አየሁት። እውነቱን ነው። ለካስ እጄ ሳላዘው በያንዳንዱ ቤት ዙሪያ አንድ ጣት እየጨመረ ኖሯል። ጨርቅ ስትቆርጥ ልክ መስመሩ ላይ አትቆርጥም፤ ለስፌት የሚገባ ትርፍ ትተዋለህ፣ አለዚያ ልብሱ ይጠባል። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደ እጅ ቤት ነው ብትለው መች ይሰማል?

"ለስፌት የተውኩት ነው" ብዬ መለስኩ።

ወይ ጉድ! ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሃያ ሰባት ሰው ሳቀ፤ ቆጥሬያለሁ። "ለካ ልብስ ሰፊ ነህ!" አለ ጎማ የሚባለው፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው የሚጽፈው። "እንግዲያው ሰፈሩን ሰፍተህ ስታበቃ ለእኔም ሱሪ ቁረጥልኝ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤት የተሳሳተ ሁሉ "ለስፌት የተውኩት ነው" ይላል። ቀልዱ የእኔ ነው፤ ባለቤቱ ነኝ።

"አንተ" ማለታቸውን ያኔውኑ ማረም እችል ነበር። መቀስ የወንድ ስም መስሏቸው ነው። አላረምኩም። መጀመሪያ፣ ይሄ ምን ያስቸኩላል አልኩ። በኋላ ግን ፈራሁ። አስቡት እስቲ፤ "ሴት ነኝ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው" ብዬ ብጽፍ ደንብ አይደለም አዋጅ ቢኖር አይመልሳቸውም። "ይቅርታ እማማ፣ ሳናውቅ ነው" ይሉኛል። ሱሪ ቁረጥልኝ ያለኝ ሰውዬ "እንዴት አደሩ?" ሊለኝ! እንደ ሕመምተኛ ቀስ ብለው ሊያናግሩኝ! ሞኝሽን ፈልጊ አልኩ ለራሴ።

ውሸት ግን አልተናገርኩም። ቋንቋችን እዚህ ላይ ደግ ነው፤ "እኔ" ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይጠየቅም። ሄድኩ፣ አየሁ፣ አሰመርኩ፣ ደከመኝ። ስምንት ወር ሙሉ በእነዚህ ቃላት ኖርኩ።

አንቱታው ስለቀረልኝ የተመኘሁትን ግማሹን አግኝቻለሁ እል ነበር። ግማሹ ግን ያንገበግባል። ሎሚ የምትባል ነርስ አለች አብራን። ሁለት ቀን ከጠፋች "ሎሚ፣ ምነው ጠፋሽ? ደክሞሽ ነው?" ይሏታል። ያቺን "ሽ" ሳይ ሆዴ ይባባል። ለእኔም "ምነው ጠፋህ?" ይሉኛል፣ ከልባቸው ነው፤ ግን የሚጠሩት ሌላ ሰውዬ ነው፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ። አንዳንዴ እቀናበታለሁ። እሱ ጓደኛ አለው።

ታዲያ አንድ ቀን ኮምፓስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ያለው ሰፈር ዛፍ ስለሸፈነው ከሰማይ አይታይም፣ እኔም መስመሩን የምይዝበት አጥቼ ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በእግር ሄደን እንየው አለ። ጎማና ሎሚ እንመጣለን አሉ። "መቀስ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ እሱ ይምራን!" አለ ጎማ። "ፋርማሲው ጥግ እንገናኝ። መልክህን ስለማናውቅ መቀስህን ይዘህ ና፣ በእሱ እናውቅሃለን።"

እጄ ቀደመኝ። "እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድኩ። መቀሱን ከቦርሳዬ አወጣና "ይኸው መቀስ፣ እኔ ነኝ፤ እማማ ያለኝ ሰው ግን ወዮለት!" እላለሁ፣ በመስታወት ፊት። ይስቃሉ፣ አልኩ። ካልሳቁስ? እሱን አልተለማመድኩም። ቅዳሜ ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሼ ለበስኩ፣ መቀሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሦስቱን ፎቅ የደረጃውን ብረት ይዤ ወረድኩ።

ሦስቱም ደርሰዋል። ረጅሙ፣ ደብተር የያዘው፣ ኮምፓስ መሆን አለበት። ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክረው ደንዳና ሰው ጎማ ነው፣ ማን ይነግረኛል። ነጭ ጫማ ያደረገችው ሎሚ ናት። አምስት እርምጃ ነው የሚያራርቀን። ስምንት ወር ያወራኋቸው ሰዎች ናቸው፤ የጎማን የወገብ ሕመም አውቃለሁ፣ ኮምፓስ ፈተና መውደቁን አውቃለሁ፣ ሎሚ አለቃዋን በምን ስም እንደምትሰድብ አውቃለሁ። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እጀታውን ያዝኩ።

ሎሚ ዞር ብላ አየችኝ፤ መጣች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መቀስ የያዘ ሰውዬ እዚህ ጋ አላዩም?"

"ምን ዓይነት ሰውዬ?"

"አናውቀውም እኮ። ልብስ ሰፊ ነው። በጣም ቀልደኛ ነው።" ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ በራ።

ያ የበራ ፊት ነው ያሸነፈኝ። እንዴት ብዬ ላጥፋው? "አላየሁም ልጄ" አልኳት።

ኮምፓስ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። "መልእክት ላኩለት፣ አያነብም። ቀርቶ አያውቅም እኮ። አሞት ይሆን እንዴ?" አለ። መልእክቱ ፎቅ ላይ፣ ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እኔ ኮምፓስ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጎማ ከፋርማሲው በር ወንበር አንሥቶ አመጣልኝ። "እርስዎ ይቀመጡ፣ ቆመው ደከሙ" አለኝ። ጎማ! ሱሪ ቁረጥልኝ ያለኝ ጎማ! ተቀመጥኩ፣ ምን ላድርግ።

ሠላሳ ደቂቃ ጠበቁት። ከዚያ ራሳችን እንግባ ሲሉ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገባቸው። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሥራ ሲበላሽ እያየሁ ዝም አልልም፣ አመሌ ነው።

"በዚህ አትግቡ፣ አጥር ነው" አልኳቸው። "በወዲያ በኩል በትከሻው ግቡ። መንገዱ እንደ እጅጌ ነው፤ ክርኑ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ እየጠበበ ሄዶ ካፉ ላይ ደረጃው አለ። ሠላሳ ሰባት ነው፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ተሰብሯል፣ እንዳትረግጡት።"

ኮምፓስ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። "ያቆይልን እማማ" አለ። ጎማ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። እኔን አየኝ፣ ቦርሳዬን አየ፣ ደግሞ እኔን አየኝ። ከዚያ ተከትሏቸው ሄደ።

ጥጉን እስኪዞሩ አየኋቸው። ከዚያ ወንበሩን ለፋርማሲው መልሼ ደረጃዬን ወጣሁ። ሰዎቹ ቤቴ ድረስ መጥተው "አላየሁም" ብዬ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ነው ብዬ ነበር፣ ጉልበቴ አልነበረም። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ የመቀሱ ጥቁር እጀታ የቦርሳውን አፍ አልፎ ወጥቷል። ፋርማሲው ጥግ ላወጣው ብዬ ስተወው በዚያው ቀርቶ ኖሯል።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "መቀስ፣ ደረስን።" "ምነው ቀረህ?" "ደህና ነህ? ሰጋን እኮ።" አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ለዚያ ሰውዬ የተጻፉ ናቸው፤ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ከቀትር በኋላ ኮምፓስ ካርታውን አወጣው። ነጩ ቦታ ሞልቷል። ደረጃው አለ፣ ሠላሳ ሰባት ተብሎ። ጠመዝማዛው መንገድ አለ፣ ከጎኑም ማስታወሻ፦ "መሪያችን ስለቀረ አንዲት እናት አሳዩን።" ከሥሩ ሎሚ "እግዜር ይስጣቸው" ብላለች። ጎማ ምንም አላለም።

ልዘጋው ስል ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት መጣ። ከጎማ ነው። ሁለት ቃል።

"ደህና ገባሽ?"

ያቺን መጨረሻ ፊደል ብዙ ጊዜ አየኋት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየኋት። "ሽ" ናት። እማማ የለ፣ እርስዎ የለ፣ ይቅርታ የለ።

ምላሴ አላረፈም፤ "ባልገባ ይሄን ማን ያነብልህ ነበር?" ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን አንድ በአንድ አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ።

"ገባሁ። አንተስ?"