ሳይወለድ የተመዘገበው

መብራት የአልትራሳውንዱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ሳሳይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የሪፈር ወረቀቱን ጻፍልኝ!"

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መክብብ ፎቶውን ዘቅዝቆ አየው። "ቲቸር፣ ምጥ ሲጀምርዎት እንጽፋለን አልኩ እኮ። አምቡላንስ አለ።"

"አምቡላንስህ ጎማ አጥቶ ገሱባ ከተማ ከቆመ ወሩ!"

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ከተማ፣ የግል ክሊኒክ ሐኪም ፎቶው ላይ እንደ ፊኛ ያበጡ ሁለት ጥቁር ነገሮች አሳይቷታል። የእንሽርት ውሃውም ከልክ በላይ በዝቷል። የፅንሱ አንጀት ከጨጓራው በታች ተዘግቷል። "ቶሎ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ግን ሲወለድ ጠብታም እንዳታቀምሱት" ነበር ያላት። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሐኪሙ ሂጂ ያላት ሆስፒታል ደግሞ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይፈልጋል።

የመጀመሪያ ልጇ በአራተኛ ቀኑ አረንጓዴ እያስመለሰ ነው የሞተው። አማቷ ቦሼ እንደ ወጉ ቅቤ አዋጠችው፤ ሲያስመልስ "አነሰው" ብላ ጨመረችለት። ዘንድሮም የልጁን ቅቤ ከአሁኑ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አስቀምጣለች።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለ ባሏ ዳልጮ ከበሩ ሥር።

"ይስማ!"

መክብብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርዎት። ቀበሌያችን ከቤት ወሊድ ነፃ ሊባል ነው። ሐሙስ ከወረዳ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ዕቅዱ እዚህ የወለዱ አርባ እናቶች ነው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነኝ። እርስዎ ከሄዱ ጎደለብኝ።"

"እና ልጄ ለሰርተፊኬትህ ይሙት?"

"እንደሱ አላልኩም..."

"አራተኛ ክፍል ሳስተምርህ አለቃ ሳደርግህም የቀረውን ተማሪ ሁሉ 'አለ' እያልክ ትሞላ ነበር። በአርጩሜ ገርፌሃለሁ።"

"አልረሳሁም" አለ መክብብ መዳፉን እያየ። ዳልጮ ሳቁ አመለጠው።

መብራት ግን አልሳቀችም። የወደቀውን ተማሪ አላሳልፍም፣ የውሸት ቁጥር አልፈርምም ብላ ሁለት ጊዜ ከደመወዟ ተቀጥታለች። በየአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ሌላው ሲያጨበጭብ እጇን አጣምራ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። አሁን ሆዷን ደግፋ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

"የወሊድ መዝገቡን አውጣ። አርባኛዋ እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ፤ አንተም ሪፈሩን ትሰጠኛለህ።"

"አልወለድሽም እኮ!" አለ ዳልጮ።

"አንተ ዝም በል። ጻፍ መክብብ።"

መክብብ እስክሪብቶውን አነሳ። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ ቀኑን ጻፈ። "የወለዱበት ቦታ፣ ጤና ጣቢያ። ጾታ?"

"ደስ ያለህን።"

"ሴት ልበል፣ ሴት አንሷል።"

መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ ፈረመች። ፊቷ ፍም መስሏል። እሱም በተራው ሪፈሩን ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። መብራት ቀለሙን እፍ ብላ አደረቀችና ለዳልጮ ሰጠችው። "እንዳታጥፈው። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንወጣለን።"

"አንድ ቀርቷል ቲቸር" አለ መክብብ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ጎንበስ ብሎ። "የሕፃኑ ሁኔታ። 'ጤነኛ' ልበለው?"

እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችው።

"እሱን እንዳትነካ።"

"ባዶ ሆኖማ ሐሙስ ምን እላለሁ?"

"የፈለግከውን በላቸው። እሱን ስመለስ እኔ እሞላዋለሁ" አለችና እስክሪብቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።