ተኳሿ የመከረችው መጽሐፍ

ተኳሿ ሥራዋን ስትናገር የማያውቋት ሰዎች ደንገጥ ይላሉ። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላና የሐኪም ጋዋን ስትተኩስ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። "ተኳሽ ነኝ" ስትል ግን ዓይናቸው ጠመንጃ የሚፈልግ አሉ። ባሏ ጭራሽ አባባሽ ነው፤ ለሰው ሲያስተዋውቃት "ባለቤቴ ተኳሽ ናት፣ ስታ አታውቅም" ይላል።

ክፍሉ ከሆስፒታሉ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። የቆሸሸው ልብስ በአንደኛው በር በጋሪ ይገባል፣ የታጠፈው በሌላኛው ይወጣል። አንሶላ ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ ይፋጃል፤ ደግሞም ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጥፈዋል። ይራራቃሉ፣ ይወጥሩታል፣ ይጠጋጋሉ፣ አንዷ የያዘችውን ለሌላዋ አስረክባ ወደ ታች ጎንበስ ትላለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ስታጥፍ የከረመች ሴት የዚያን ሰው ትንፋሽ እንኳ ትለያለች።

ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደግሞ የንጹሕ ልብስ ማከማቻው የአንባቢዎች መሰብሰቢያ ይሆናል። ነገሩን የጀመሩት የማከማቻው ኃላፊ እማማ ቁልፍ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው የመደርደሪያዎቹን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ይሁን፣ የተበጠሰ የጋዋን ቁልፍ ስለሚተክሉ ይሁን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ሕጋቸው አጭር ነው። ሰሞኑን ያነበቡትን በተራ መናገር ነው፤ "ጥሩ መጽሐፍ ነው" ብሎ ማለፍ ግን ክልክል ነው። ምኑ እንደያዘህ፣ የቱ ጋ እንደሰለቸህ ትናገራለህ። በጣም የወደድከውን ደግሞ ከመሃላቸው ይስማማዋል ለምትለው ሰው በእጁ ትሰጠዋለህ።

የእንፋሎት ማሞቂያውን የሚቆጣጠሩት ጋሼ እንፋሎትም አይቀሩም። እሳቸው ከወንጀል ታሪክ ሌላ ነክተው አያውቁም፤ ገዳዩን መደበቅ ግን አልሆንላቸው ብሏል። "ሞግዚቷን እንዳትጠረጥሯት፣ ምስኪን ናት" ብለው ሲጀምሩ ሁሉም ጆሮውን ይይዛል።

አዲሷ ከተቀጠረች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ከእሷ በኋላ ሰው ስላልተቀጠረ ግን አዲሷ እንደተባለች ቀረች። ከተኳሿ ጋር አንሶላ የምታጥፈው እሷ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነው። ሐሙስ ሳትቀር ትመጣለች፣ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማለች፣ ተራዋ ሲደርስ "እኔ ልስማ" ትላለች። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳላት የጠየቃት ሰው ያገኘው መልስ "ደህና ናቸው" የሚል ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ተኳሿ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው ያገኘችው። ታሪኩ ትዳሯ ሲፈርስ ትንሽ ልጇን ለባሏ ቤተሰብ ትታ ስለሄደች እናት ነው። ሴትየዋ ሌላ ከተማ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጇን ስታስብ ትኖራለች። ተኳሿ መጨረሻውን አልተናገረችም፤ አንብባ ስትጨርስ ግን ባሏ ሰው የሞተ መስሎት ከሌላ ክፍል እየሮጠ እንደመጣ ተናገረች። ከዚያ ዞር ብላ መጽሐፉን ለአዲሷ ሰጠቻት።

"ይህ ላንቺ ነው" አለቻት። "አንቺ መስማት ታውቂያለሽ። ይህች ሴትዮ ያጣችው የሚሰማት ሰው ነው።"

አዲሷ መጽሐፉን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አመስግናት ይሁን አይሁን፣ ተኳሿ በኋላ ልታስታውስ ብትሞክር አልመጣላትም።

በማግሥቱ አርብ አዲሷ ዓይኗ አብጦ መጣች። አንሶላውን ሦስት ጊዜ አጣመመችው። ምን ሆነሽ ስትባል እንቅልፍ አለመተኛቷን ተናገረች። ተኳሿ መጽሐፉ ይዟት አድሮ ነው ብላ በልቧ ደስ አላት። መጽሐፍ መክሮ እንቅልፍ ከማሳጣት የበለጠ ለአንባቢ ምን ክብር አለ?

ቅዳሜ አዲሷ አልመጣችም። ሰኞም አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ተኳሿ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ጋር አያይዛ ብቻዋን ስታጥፍ ዋለች።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ቁልፍ ጠሯት። ጋዋን ላይ ቁልፍ እየተከሉ ነበር።

"የዚያን ቀን የሰጠሻት መጽሐፍ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?"

"እናትየዋ ትሞታለች" አለች ተኳሿ። "ልጇን ሳታይ፣ ብቻዋን።"

የእማማ ቁልፍ መርፌ አየር ላይ ቀረ። "ምነው ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን አጠፋሁ?"

"አላጠፋሽም። ስለማታውቂ ነው።"

የሰው ምስጢር እንደሚያወጡ እያወቁ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ ነገሯት። አዲሷ ልጅ አላት። ትዳሯ የፈረሰ ጊዜ ሥራም ቤትም ስላልነበራት የአራት ዓመት ሴት ልጇን ለባሏ እናት ትታ ወጣች። ሁለት ወር ብላ ነበር። ሁለት ወሩ ስድስት ወር ሆነ፣ ከዚያ ዓመት፤ ኀፍረቱ ከመንገዱ እየረዘመ ሄደና አምስት ዓመት ሞላው። ይህን የነገረቻቸው የቅጥር ፎርሙን ሲያስሞሏት ነው። "የልጆች ብዛት" የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ አለቀሰች።

ተኳሿ በተጠቀለለ አንሶላ ላይ ተቀመጠች። ከስንት ሺህ መጽሐፍ መርጣ፣ ከስንት ሰው መሃል መርጣ፣ በቁስሏ ላይ እንጨት የሰደደችባት እሷ ናት። ያውም "ይህ ላንቺ ነው" ብላ። ስታ አታውቅም የተባለላት ሴት አሁንም አልሳተችም፤ ያነጣጠረችበትን ነው የመታችው።

ጋሼ እንፋሎት ወሬውን ሰምተው ሊያጽናኗት መጡ። መጽሐፍ ሰው ገድሎ እንደማያውቅ ነገሯት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ከባድ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ ወድቆ ሰው የሞተበት ታሪክ ማንበባቸውን ጨመሩ። እማማ ቁልፍ በዓይናቸው አባረሯቸው።

ከሥራ እንደወጣች ተኳሿ የአዲሷን ቤት እየጠየቀች ሄደች። ከአንድ አናጢ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደረጃው ላይ መጋዝ የበላው እንጨት ብናኝ ነበር። በሩ ተቆልፏል። አከራይዋ ብቅ ብለው፣ ልጅቷ አርብ ከሥራ እንደተመለሰች አንድ ቦርሳ ይዛ መውጣቷን ነገሯት። ወዴት እንደሄደች አልጠየቁም፤ ሰው ኪራዩን ከከፈለ መንገዱን መጠየቅ አይወዱም። የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በብብቷ ይዛ ነበር።

ተኳሿ ቤቷ ስትገባ ራት አልበላም አለች። ባሏ ጠይቆ ጠይቆ ሲያወጣጣት ነገሩን ሰማ። አንቺ መጽሐፍ ሰጠሽ እንጂ መርዝ አልሰጠሽም አላት። እሷ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እናትየዋ እንዲሁ ቦርሳዋን ይዛ እንደምትወጣ አልነገረችውም። ረቡዕ ሥራ ላይ ሁለት የትራስ ልብስ አቃጠለች። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም። ከእንግዲህ ለማንም ሰው መጽሐፍ እንደማትመክር በልቧ ማለች።

ሐሙስ ጠዋት አንሶላውን ከምስማሩ ጋር ልታያይዝ ስትል ሌላኛው ጫፍ ከወለሉ ተነሣ። ቀና ብላ አየች። አዲሷ ናት። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሁለቱን ማዕዘን ይዛ ቆማለች።

ተኳሿ መጀመሪያ የተናገረችው ትርጉም የለውም። "መጣሽ" ነው ያለችው። ከዚያ አንሶላውን ለቀቀችና ሄዳ አቀፈቻት። ንጹሑ አንሶላ ወለል ላይ ወደቀ። ሁለቱም እንደገና መታጠብ እንዳለበት ያውቃሉ፤ ማንም ጎንበስ አላለም።

"ምነው?" አለች አዲሷ ግራ ገብቷት። "ከአስተዳደር ፈቃድ ወስጄ እኮ ነው የሄድኩት። አልነገሩሽም?"

"ማን ይንገረኝ?"

"ጋሼ እንፋሎት። አርብ ስወጣ፣ ልጄን ለማየት መሄዴ ነው፣ ለተኳሿ ንገሩልኝ ብያቸው እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።"

ጋሼ እንፋሎት ተጠሩ። ቆመው አሰቡ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ቀላ። አርብ በዚያ ሰዓት የአንድ ወንጀል ታሪክ የመጨረሻ አምስት ገጽ ላይ ነበሩ። ማሞቂያው ይጮሃል፤ የሆነ ሰው መጥቶ የሆነ ነገር እንዳለ ትዝ ይላቸዋል። የነቀነቁት ገዳዩን ስላወቁት ነው። ተኳሿ ልትቆጣቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም እንባ አስከተለ። እማማ ቁልፍ ከማከማቻው ወጥተው አዲሷን ከላይ እስከ ታች ዳሰሷትና "ተመስገን" ብለው ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ። ተራ ሳይያዝ አዲሷ እኔ ልጀምር አለች። ሁሉም ማኘኩን አቆመ።

መጽሐፉን ሐሙስ ማታ እስከ ግማሹ እንዳነበበችው ተናገረች። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ሴትየዋ ላይ መናደድ ጀመረች።

"ታለቅሳለች፣ መስኮት ታያለች፣ ደብዳቤ ትጽፍና ትቀዳድዳለች። አሥራ አንድ ዓመት!" አለች። "አንድ ቀን ተነሥታ ሄዳ በሩን ብታንኳኳ መጽሐፉ በሠላሳ ገጽ ያልቅ ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ብቻዬን። ከዚያ ድምፄን ስሰማው ደነገጥኩ።"

አርብ ፈቃድ ጠይቃ አውቶቡስ ተሳፈረች። ያንኳኳችው በር ተከፈተ። የከፈቱት አያትየዋ ናቸው፤ አንድ ደቂቃ ያህል አይተዋት፣ ብርዱ እንዳይገባ ግቢ አሏት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልሮጠችላትም። እንደ እንግዳ ወንበር አቀረበችላትና መቼ እንደምትሄድ ጠየቀቻት። ያ ወንበር ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር አለች አዲሷ። ቢሆንም ተቀመጠችበት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ምንም ሳትናገር አጠገቧ መጥታ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እንድታስርላት እግሯን ዘረጋችላት።

"ማሰር ትችላለች እኮ" አለች አዲሷ። "ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

አያትየዋ ብዙ አልወቀሷትም፤ ሌላ ትዳር ይዛ ይሆናል ብለው ነበር ያሰቡት። በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድትመጣ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ልጅቷ እሷ ጋ እንድትከርም ተስማምተዋል። የመጽሐፉን ቀሪ ግማሽ ያነበበችው ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እናትየዋ ስትሞት አላለቀሰችም።

"እና ለማንም አልመክረውም" ብላ ደመደመች። "ጸሐፊው ኀፍረትን ያውቃል፣ ይህን አልክድም። መንገድ ግን አያውቅም።"

ተኳሿ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሣ ይሰማት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት። ዳቦዋን እየጎረሰች መጽሐፉን ልትከላከል ተነሣች፤ ሁሉም ሰው ተነሥቶ ማንኳኳት እንደማይችል፣ መጽሐፉም የተጻፈው ስለማይችሉት እንደሆነ ተከራከረች። አዲሷ አልተቀበለቻትም። እማማ ቁልፍ ፍርድ ለመስጠት እሳቸው ራሳቸው ማንበብ እንዳለባቸው ተናግረው መጽሐፉን ከሁለቱም መሃል አነሡት።

"አሁን እኔ ልጠይቅ" አለች አዲሷ። "ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ትመክሩኛላችሁ? ስሄድ መጽሐፍ እንደምወስድላት ቃል ገብቻለሁ።"

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። አንዷ የእንስሳት ታሪክ አለች፣ አንዷ ስለ መርከብ። ጋሼ እንፋሎት ማንም የማይሞትበት፣ ድመት ብቻ የሚጠፋበት የምርመራ ታሪክ ቤታቸው እንዳለ ተናገሩ፤ ድመቷ የት እንደተገኘች ሊናገሩ ሲሉ እማማ ቁልፍ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑባቸው። ተኳሿ ዳቦዋን ብቻ ታኝካለች። አዲሷ ዞር ብላ፣ አንቺስ አለቻት።

ተኳሿ እጇ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራገፈች።

"መጀመሪያ ልጅቷን ንገሪን" አለች። "ምን ያስቃታል? ምን ትፈራለች?"

አዲሷ ልጅቷ ጨለማ እንደማትፈራ፣ ውሻ ግን እንደምትፈራ ተናገረች። ስትስቅ አፍንጫዋን ትይዛለች። አያቷ ሲያዛጉ አብራ ታዛጋለች። የሁሉን ነገር ዋጋ ሳይሆን ዕድሜ ትጠይቃለች፤ የወንበሩን፣ የበሩን፣ የአውቶቡሱን። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ "እኔ ልስማ" ስትል የኖረችው ሴት ተናግራ አላበቃም አለች፤ የምሳ ሰዓት አልቆ የቀዶ ጥገና ክፍል ጨርቅ የሚያደርሱት ሰዎች ጋሪያቸውን ይዘው በር ላይ ሲቆሙም ገና ስለ ጥርሷ እየነገረቻቸው ነበር።